የጋሽ ደረሰ መዶሻና የቮልሷ ሆድ

ሀዋሳ ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ ጋሽ ደረሰን ያውቃቸዋል፤ የሚወዳቸው ግን ጥቂት ነው። ይህ ሐሜት አይደለም። ራሳቸው ጋሽ ደረሰም ደረታቸውን ነፍተው የሚናገሩት ነገር ነው።

ሥራቸው የመኪና ዓመታዊ ምርመራ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና በላዩ በሚቆምበት ጉድጓድ ውስጥ ቆመው፣ ከላያቸው የመጣውን መኪና ሆድ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ኖሩ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በስብሶ በላዩ ላይ የተለሰነበት እንደሆነ ግን ድምፁ ድፍን ይላል። ሌላው ሰው ደስ የሚለው ጥርት ያለውን ሲሰማ ነው፤ የጋሽ ደረሰ ፊት የሚበራው ግን ድፍኑን ሲሰሙ ነበር። ከጉድጓዱ ቀና ይሉና አንዲት ቃል ይናገራሉ፤ «አላለፈም።» ከዚያ በኋላ ቢለምኗቸው፣ ሽማግሌ ቢልኩባቸው፣ ታቦት ቢጠሩባቸው ንቅንቅ የለም። ጉቦማ የሚያስብ ሰው እንኳ አልነበረም። ለጉቦ እኮ ቢያንስ ፈገግ የሚል ፊት ያስፈልጋል።

ሾፌሮችም ያው ሾፌሮች ናቸው። ምርመራው ሲቃረብ የተበላውን ወለል በካትራሜ፣ በዚያ ጥቁር የአስፋልት ቅባት፣ ይለስኑና የሚያብረቀርቅ ሆድ ይዘው ከች ይላሉ። ጋሽ ደረሰ ካትራሜ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

«ይሄ ምንድነው?» ይላሉ።

«የዝገት መከላከያ ነው፣ ጋሼ» ይላል ባለመኪናው፣ ዓይኑን ወደ ሌላ እያዞረ።

«የሚከላከለው ከዝገት ነው ወይስ ከእኔ?»

ይህችን ጥያቄ በጣም ነበር የሚወዷት። ቤት ገብተውም ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ይደግሙላቸዋል፤ ወይዘሮዋም እንደ አዲስ ይስቃሉ። ጋሽ ደረሰ ጥያቄውን ከጠየቁ በኋላ ስፓቱላቸውን አውጥተው ይፍቃሉ። ከሥር ምን እንደሚወጣ እሳቸውም ባለመኪናውም ያውቁታል።

በዚህ ሁኔታ ወዳጅ ማፍራት እንደማይቻል ግልጽ ነው። ሞገስ የሚባለውን የቱላ መስመር ሚኒባስ ሾፌር ከምርመራ ደጋግመው ጥለውታል፤ አንድ ጊዜማ ለልጁ ክርስትና እንግዳ ሊያመላልስበት ባሰበበት ሳምንት ነው። የገዛ ሚዜያቸውን መኪና ጥለው ሰውየው ሰላምታ ካቆመ ቆየ። ጋሽ ደረሰ ሰርግ ሲጠሩ እንግዳው ሁሉ መኪናውን ሁለት መንገድ አርቆ አቁሞ በእግሩ ይመጣል። ምክንያቱም ጡረታ ቢወጡም መዶሻዋ ከኮታቸው ኪስ አልወጣችም፤ በቆመ መኪና አጠገብ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው አንዴ ኳ ካላደረጉ እጃቸው ያሳክካቸዋል።

ቤታቸውም ከምርመራ ነፃ አልነበረም። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በአጥሩ ሥር፣ የዘንባባ ሥዕል ባለባቸው ቢጫ የዘይት ቆርቆሮዎች ውስጥ ጤና አዳም ይተክላሉ። ከዓመታት በፊት፣ አንድ ክረምት፣ ከቆርቆሮዎቹ አንዱ ጠፋ። ሌላ ባል ቢሆን ልብ አይለውም ነበር። ጋሽ ደረሰ ግን ጎረቤቱን አንድ በአንድ ጠየቁ፣ በየግቢው አንገታቸውን አስገብተው አዩ፣ በስተግራ ያለውን ጎረቤት ሁለት ጊዜ ጠየቁት። ቆርቆሮው አልተገኘም። የግራው ጎረቤት ከዚያ ወዲህ ሲያያቸው መንገድ ይሻገራል።

እንዲህ ዙሪያቸው ሲሳሳ ሲሳሳ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀራቸው፤ ታምሩ።

ታምሩ ባትላሜራ ነው፤ የመኪና አካል ቀጥቅጦ የሚያቀና። የቱላ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ናቸው፣ ከጋሽ ደረሰ በዕድሜ ያንሳል። ዝምተኛ ነው ይባላል። ጋሽ ደረሰ አጠገብ ግን ሁሉም ሰው ዝምተኛ ነው። ሁለቱን ያወዳጀቻቸው ቮልሷ ናት።

ቮልሷ ክሬም ቀለም ያላት ኤሊ ቮልስዋገን ነች። ጋሽ ደረሰ የገዟት በጎልማሳነታቸው፣ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ አንድ ፈረንጅ የእንስሳት ሐኪም ነው። እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ታምሩ ይመጣል። ቮልሷን በክሪክ ያነሷታል፣ ታምሩ ከሥሯ ተኝቶ ሆዷን ካትራሜ ይቀባል፣ ጋሽ ደረሰ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይመሩታል፣ ከዚያ ሁለቱ አብረው ምሳ ይበላሉ። ለጋሽ ደረሰ ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ ደስ የሚላቸው ይህ ቀን ነበር። ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም፤ ለታምሩም ቢሆን።

አዎ፣ ካትራሜ። በሰው መኪና ላይ ሲሆን ማጭበርበሪያ፣ በእሳቸው መኪና ላይ ሲሆን እንክብካቤ ነበር። ይህን ልዩነት የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ኖሮ በደስታ ያስረዱት ነበር፤ ግን የጠየቃቸው የለም። የራሳቸውን መኪናማ በመዶሻ አንኳኩተው አያውቁም። ሰው የገዛ እናቱን መታወቂያ ይጠይቃል?

«በዚች መኪና ላይ ጥፍር የምታክል ጥገና ያገኘ ሰው ስሜን ይቀይረው» ይሉ ነበር፣ በየደረሱበት። ታምሩ አጠገባቸው ከሆነ ወደ እሱ ዞረው «አይደለም ወይ ታምሩ?» ይላሉ። ታምሩ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ መሬት መሬት እያየ። ጋሽ ደረሰ ይህን ትሕትና ብለው ነበር የተረጎሙት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ዮፍታሄ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። እሱና ጓደኞቹ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር አላቸው፤ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ላይ ሰልፍ ሊያደርጉ ነው። ሰልፉን የሚመራ አንድ የሀዋሳ መኪና ሲያፈላልግ ማንን ቢጠይቅ «የጋሽ ደረሰ ቮልስ» አሉት። ሲነግሩት ፈገግ ይሉ እንደነበር ልብ አላለም።

ዮፍታሄ ቮልሷን ዞሮ አየ። ኮፈኗን ከፈተ፣ በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ ድምፁን አዳመጠ። ከዚያ ተንበርክኮ ወደ ሥሯ አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ ካትራሜ ተቀብታለች» አለ።

«በየዓመቱ!» አሉ ጋሽ ደረሰ፣ በኩራት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰልፍ የምትመራ መኪና ሆዷ ራቁቱን መሆን አለበት። ብረቱን በዓይናችን ማየት አለብን። ካትራሜ ስንት ጉድ እንደሚሸፍን እርስዎ አያውቁትም።»

እርስዎ አያውቁትም! ጋሽ ደረሰ ሊቆጡ ይችሉ ነበር። ግን አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ስንት ዓመት በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ለብቻቸው ቆመው ሲጮኹ የኖሩትን ቃል ይኸው አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ድረስ ይዞላቸው መጣ። «ልጄ፣ አባትህ ይባረኩ» አሉት። «ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ጠብቀኝ። ሆዷን እንደ መስታወት ታየዋለህ።»

ሮጠው ሄደው ለታምሩ ነገሩት። ታምሩ አንድ የተጨራመተ በር እየቀጠቀጠ ነበር፤ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ያ ካትራሜ እኮ ከብረቱ ጋር ተዋህዷል» አለ። «አሁን ቢላቀቅ ብረቱ ይታመማል።»

«ብረት ይታመማል?»

«ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«በታኅሣሥ?»

ታምሩ ሰማዩን አየ። አንድ ደመና እንኳ አልረዳውም። «ቱላ ለቅሶም አለብኝ» አለ በመጨረሻ። «እስከ ሰኞ አልመለስም።»

ጋሽ ደረሰ ደነገጡ፣ ከዚያ አዘኑለት። የመስከረሙ ቀናችን ሊቀር ነው ብሎ ፈርቶ ነው ብለው አሰቡ። ቤት ሲገቡ ደግሞ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ባሱባቸው።

«ተዋት መኪናዋን» አሉ። «በስተርጅናዋ ሆዷን ገልጠህ ምን ልታይ ነው?»

«እውነቱን!»

«እውነት ስታይ ነው ዕድሜህን የጨረስከው። ትንሽ ብታርፍ ምናለ?»

ጋሽ ደረሰ ይህንንም ተረጎሙት። ልብሴን በካትራሜ እንዳላበላሽ ፈርታ ነው አሉ። ሰውን ሁሉ ሲመረምሩ የኖሩ ሰው እነዚህን ሁለት ሰዎች ግን አንድም ቀን አልጠረጠሯቸውም። ይህ ፍቅር ነው ከተባለ፣ ፍቅር ነው።

ዓርብ ጠዋት ብቻቸውን ጀመሩ። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ፤ ያውም በሰው መኪና ላይ የተካኑበት ነው። መጀመሪያ ቮልሷን ፀሐይ ላይ አቁመው ካትራሜው ላላ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ በሁለት ክሪክ አነሷት፣ ከየጎማው ሥር ወፍራም ግንድ ደገፉ፣ ሰሌን ዘርግተው ከሥሯ ገቡ። ጨርቅ በላምባ እያራሱ ጥቁሩ ላይ መለጠፍ፣ መታገስ፣ ከዚያ በስፓቱላ መፋቅ፣ የቀረውን በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ። ራሳቸው ላይ የባለቤታቸውን አሮጌ ሻሽ አሥረዋል፣ ዓይናቸው ላይ የፀሐይ መነጽር አድርገዋል። በአጥር ቀዳዳ ያያቸው የግራው ጎረቤት እንኳ ከስንት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

የካትራሜው ልጣጭ ብዙ ነበር። በየዓመቱ በላዩ ላይ ስለተቀባ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ሆኗል፤ በየመካከሉ የየዓመቱ አሸዋ ተጣብቆበታል። በአንዱ ንብርብር ውስጥ የዓሣ ቅርፊት አገኙ፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዙ ሲመላለሱ ከነበሩበት ዘመን መሆን አለበት። በሌላው ደግሞ የደረቀ የዋርካ ቅጠል ነበር። ጥቁሩ ፍቅፋቂ ፊታቸው ላይ፣ ጆሯቸው ውስጥ፣ ሲናገሩም አፋቸው ውስጥ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ብቻቸውን ሆነውም ይናገሩ ነበር።

በሾፌሩ እግር በኩል ብረቱ ወጣ። መዶሻቸውን ከኪስ አውጥተው መቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይኸውላችሁ!» አሉ፣ ማንም ሳይኖር። ያን ሰዓት የነበራቸውን ደስታ ያየ ሰው እዚያው ላይ ቢያበቁ ይመኝላቸው ነበር።

ከቀትር በኋላ ወደ ቀኙ ተሻገሩ። ባለቤታቸው ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ወንበር ሥር ነው። ካትራሜው እዚህ ከሌላው ይወፍራል። ከመፋቃቸው በፊት፣ እንዲያው ለልማድ፣ በመዶሻዋ መቱት።

ድፍን አለ።

ጋሽ ደረሰ ያንን ድምፅ ከራሳቸው ድምፅ በላይ ያውቁታል። ሲሰሙት ፊታቸው ሳይበራ ሲቀር ይህ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የገባው ካትራሜ ነው አሉ፤ ጆሯቸውን ጠራርገው እንደገና መቱ። አሁንም ድፍን አለ።

ይፍቁ ጀመር። ከጥቁሩ ሥር ብረት አልወጣም። ቢጫ ወጣ። ቢጫው እየሰፋ ሄደ፣ ከዚያ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ጨርቁን በላምባ አርሰው ወለወሉት። ዘንባባ ነበር። የዘይት ቆርቆሮ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ በጥንቃቄ ታጥፎ፣ ዙሪያውን በሪቬት ተመትቶ፣ ክንድ በሚያህል ቀዳዳ ላይ ተደፍኗል።

«ወለቴ!» ብለው ተጣሩ፣ ከመኪናው ሥር።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከቤት ወጡ። እግራቸው በዝግታ ሲመጣ ጋሽ ደረሰ ከሥር ያያሉ። በርጩማው ተስቦ መጣ፣ ባለቤታቸው ተቀመጡ።

«አገኘኸው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ቆርቆሮዬን ነዋ።»

ጋሽ ደረሰ ከመኪናው ሥር እንደተኙ ዘንባባውን ደግመው ወለወሉት።

«ያን ክረምት ነው» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ። «ከገብርኤል ስንመለስ፣ ምንጣፉ ሸሸት ብሎ፣ እግሬ ሥር አስፋልቱ ሲሮጥ አየሁት። ጫማዬ ውኃ ሞላ። አንተ ስለ አንድ ሚኒባስ ቀዳዳ እያወራህልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ጋሽ ደረሰ ምን እንደሚያደርጉ ያውቃሉ። ኳ ያደርጓትና ያችን አንዲት ቃላቸውን ይናገራሉ። በሳምንቱ ቮልሷ ለቁራሌው ተሸጣ፣ እሳቸው በየደረሱበት «የራሴንም ጥያለሁ» እያሉ፣ ማታ ማታ ግን ባዶውን ግቢ እያዩ ይኖሩ ነበር።

«ጠዋት ስትወለውላት አያለሁ» አሉ ወይዘሮዋ። «ለሰው የማትናገረውን ሁሉ ለእሷ ነው የምታወራላት። ታምሩን ጠርቼ አለቀስኩበት። የሚሆን ላሜራ አልነበረውም፤ አንተ ደግሞ ከሥራ ልትመጣ ነው። ጤና አዳሜን ነቅዬ ቆርቆሮውን ሰጠሁት።»

«ጎረቤቱን ሁሉ እኮ ጠየቅሁ!»

«እሱንማ አየሁ። ምን ላድርግ፣ ተው ብልህ ትጠረጥር ነበር።»

በዚህ መሃል በር ላይ ባጃጅ ቆመ። ታምሩ ወረደ። በእጁ የካትራሜ ባልዲ ይዟል፣ ባልዲው ይጨሳል። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጠዋት ባላቸው ሻሹን ሲያሥሩ አይተው ደውለውለት ነበር። ጋሽ ደረሰ ከመኪናው ሥር ተንፏቀው ወጡ፤ ከነሻሻቸው፣ ከነመነጽራቸው፣ ፊታቸው ጠቁሮ። በሌላ ቀን ቢሆን ታምሩ ይስቅ ነበር።

«ለቅሶው አለቀ?» አሉት።

«አሁን መጀመሩ ነው፣ ጋሼ» አለ ታምሩ።

«ማን ማን ያውቃል?»

ታምሩ ባልዲውን አስቀመጠ። «ጎሚስታው ያውቃል። ጎማ ሲቀይር አይቷታል።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «የምርመራ ልጆቹም ያውቃሉ። በየዓመቱ ከሥሯ ይገባሉ አይደል።»

«ታዲያ እንዴት አለፈች?»

«የእርስዎ ናት እኮ፣ ጋሼ። ማን ደፍሮ ይነግርዎታል?»

ጋሽ ደረሰ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላስ?»

«ሞገስ።»

«የትኛው ሞገስ? ሚኒባሱ? ያ የጣልኩት?»

«ያን ጊዜ የቱላ መንገድ ላይ ቆማብዎት ሲጎትትዎት፣ ገመድ ሊያሥር ከሥሯ ገባ። አየው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አሁን ከተማውን ያዳርሰዋል ብዬ ውኃ ሆንኩ።»

«ምን አለ?»

«‹ገመዱን አቀብለኝ› አለኝ። ‹ሽማግሌውን እንዳታስደነግጠው› አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

ጋሽ ደረሰ አፈሩ። እንዲህ ያለ ኀፍረት ተሰምቷቸው አያውቅም፤ ፊታቸው ከካትራሜው ሥር ተቃጠለ። ከእኔ ቀዳዳ የሚደብቅ የለም ብለው ዕድሜያቸውን ፈጁ። ለካ ከተማው አንዲት ቀዳዳ ከብቦ፣ እሳቸው እንዳያዩዋት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞላቸዋል። የናቁት፣ የጣሉት፣ በቡና ቤት ስሙን ያነሱት ሰው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ይበቀላቸው ነበር። አንድም አልተናገረም።

ኀፍረቱ ደግሞ ወዲያው ቁጣ ሆነ፤ በጋሽ ደረሰ ዘንድ ሁሉም ነገር ወዲያው ቁጣ ይሆናል። መዶሻዋን ጨበጡ። በየዓመቱ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ስመራው፣ ይሄ ሰው ቆርቆሮው ላይ ይቀባ ነበር አሉ በልባቸው። «አይደለም ወይ ታምሩ?» ስለው ራሱን ይነቀንቅልኝ ነበር። አታሎኛል። ሕግ ሕግ ነው። ቃሏ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰች። «አላ—» አሉ።

ታምሩ አላቋረጣቸውም። ባልዲውን ከመሬት አነሣ እንጂ። ቃሏን ከጨረሱት ከበሩ ወጥቶ እንደማይመለስ ጋሽ ደረሰ ገባቸው። ተቆጥቶ አይደለም፤ የመጨረሻው የተጣለ ሰው ሆኖ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ የመስከረሙን ቅዳሜ ምሳ ከማን ጋር ይበሉታል? በርጩማው ላይ ተቀምጠው ማንን ይመራሉ?

«አንድ ነገር ልበልዎት» አለ ታምሩ፣ ባልዲውን እንደያዘ። «ይህ ቀን እንደሚመጣ ባውቅም ደግሜ አደርገው ነበር። እርስዎ እውነት ነው የሚወዱት። እኛ ደግሞ እርስዎን።»

ጋሽ ደረሰ አጎንብሰው ወደ ቢጫው ቆርቆሮ ተመለከቱ። ሪቬቶቹ በእኩል ርቀት የተመቱ ናቸው። ጠርዙ ተመልሶ እንዳይቀድ ታጥፏል። ጥሩ እጅ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ቢያገኙት ግን ይጥሉት ነበር፤ ቢጥሉትም ልክ ይሆኑ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱን ደግሞ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። መዶሻዋን ኪሳቸው ከተቱ።

«ካትራሜው ይሞቃል?» አሉ።

ታምሩ ቶሎ አልገባውም። «ይሞቃል፣ ጋሼ።»

«ብሩሹን አምጣው። እኔ ነኝ የምቀባው። አንተ በርጩማው ላይ ተቀመጥና ምራኝ።»

«ሰልፉስ?»

«ሰልፉን ሌላ ይምራው። ያ ልጅ ሆዷን ቢያይ ስለ አንቺም ስለ አንተም ሊጠይቀኝ ነው፤ እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልበትም።» ከዚያ የለመዱትን ድምፅ ትንሽ መለሱ። «ከሰልፉ በኋላ ግን ሁነኛ ላሜራ ትበይድላታለህ። ወለቴ በቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ አትሄድም።»

«ቆርቆሮዬንም ትመልሱልኛላችሁ» አሉ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ጋሽ ደረሰ ተመልሰው ከሥሯ ገቡ። ሲፍቁት የኖሩትን ነገር በገዛ እጃቸው መቀባት ጀመሩ፤ ዘንባባው በዝግታ ጠፋ። መቀባቱን አይችሉበትም ነበር። ታምሩ በርጩማው ላይ ሆኖ «በግራ በኩል ዘለሉ፣ ጋሼ» ሲላቸው «አየሁት፣ አየሁት» ይላሉ፤ አላዩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ዳር በአሮጌ መኪና ተሞላ። ባለሆቴሎቹ ወንበር ወደ ውጭ አውጥተዋል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች በየዛፉ ላይ ቆመው ሰልፉን እንደ ዳኛ ያያሉ። ቮልሷ ታጥባ፣ ተወልውላ መጣች። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በቦታቸው ተቀምጠዋል፣ ሁለት እግራቸውን ከምንጣፉ ላይ ገጥመው። ታምሩ የእሑድ ልብሱን ለብሶ ከኋላ ወንበር ታጥፏል። ሞገስ ሚኒባሱን ጥግ አቁሞ፣ በሩን ተደግፎ ያያል።

ዮፍታሄ በፈገግታ መጣ፣ የስልኩን መብራት አበራ፣ ተንበርክኮ ወደ ሥሯ አየ። ሲነሣ ፈገግታው የለም።

«ጋሼ፣ አልፋቁትም እኮ። እንዲያውም አዲስ ካትራሜ ነው።»

«አዲስ ነው» አሉ ጋሽ ደረሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲህ ከሆነማ አላለፈችም። ከኋላ ነው የምትሰለፉት።»

ከሚኒባሱ በኩል ሞገስ ቀና አለ። ጎሚስታውም እዚያው ነበር፣ ሻይ የያዘ እጁን አየር ላይ አቆመ። ያችን ቃል ለጋሽ ደረሰ የተናገረ ሰው ተወልዶ አያውቅም። ሁሉም አንድ ነገር እስኪፈነዳ ጠበቀ።

«ልክ ነህ» አሉ ጋሽ ደረሰ። «እኔም ብሆን አላሳልፋትም።»

ዮፍታሄ ጥሩ ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ማሳዘኑ ከነከነው። ለመሄድ ዞር ካለ በኋላ ተመለሰ።

«እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ለምን ቀቧት?»

«መከላከያ ነው» አሉ ጋሽ ደረሰ፣ ዓይናቸውን ወደ ሐይቁ እያዞሩ።

«ከዝገት?»

ጋሽ ደረሰ ዞረው አዩ። ባለቤታቸው በመስኮቱ ሌላ ሌላ ያያሉ። ታምሩ እንደ ልማዱ መሬት መሬት ያያል። ሞገስ ወደ ሚኒባሱ ገብቶ፣ ቮልሷ ከኋላ ብቻዋን እንዳትሄድ ሞተሩን አስነሥቷል።

«ከእኔ» አሉ ጋሽ ደረሰ።